በነጻ የሚገኝ ሥዕልና ባለቤቶቹ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ የሥልጠና ታሪክ

ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ አየር ጤና የሚያመራ መንገደኛ፣ ዘነበ ወርቅ ከተባለው ሠፈር ሲደርስ የአለርትን ሰፊ ግቢ ያገኛል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እዚያው ከተቋቋመውና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ያን ጊዜ ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ሠፈሩን ውጣ ብዙ አልፋ ሄዳለች፤ በአሁኑ አከላለልም ቦታው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይቆጠራል። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ሆስፒታል ላይ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ተመሠረተ። አለርት የሚለው አጠራር የዚህ ረጅም ስም የእንግሊዝኛ ምሕጻር ነው።

ከስሙ ውስጥ «ማሠልጠኛ» የምትለዋ ቃል ለዚህ ጽሑፍ ዋናዋ ናት። ማዕከሉ ሐኪሞችን፣ ነርሶችን፣ የጤና ረዳቶችንና ሌሎች ባለሙያዎችን ከኢትዮጵያም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም እየተቀበለ እንዲያሠለጥን ታስቦ የተቋቋመ ነው። ሥልጠና ደግሞ ሥዕል ይፈልጋል። የሥጋ ደዌ የመጀመሪያ ምልክት ብዙውን ጊዜ በቆዳ ላይ የምትታይ፣ የማታሳክክ፣ የማታም፣ ስትነካ ግን የደነዘዘች የመልክ ለውጥ ናት፤ ይህችን በቃል ብቻ ለሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። አስቀድሞ ያላያት ሠልጣኝ ወደ ወረዳው ሲመለስ አይለያትም፤ ሳትለይ በቆየች መጠንም ነርቭ እየተጎዳ፣ ጣት እየታጠፈ፣ ሕመም የማይሰማው እግር እየቆሰለ ይሄዳል። ስለዚህ «ለሥልጠና የሚሆን ሥዕል ከወዴት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ በዘነበ ወርቅ የሰውን እጅና እግር የሚመለከት ጥያቄ ነበር።

የሥልጠና ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የታዘዘ መሐንዲስ ዛሬ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ያለ ገንዘብና ያለ ክስ የምጠቀምበት ሥዕል የት አለ? መቼም በአማርኛ «ነጻ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ያለበት ነው። ያለ ዋጋ የተገኘ ነጻ ነው፤ ከባለቤት ሥልጣን የወጣ ነጻ ነው፤ በቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ ደግሞ ከለምጽ የተፈወሰ ሰው ነጻ ይባላል። በኮልፌው ግቢ ታሪክ ውስጥ ሦስቱም ትርጉሞች ተገናኝተዋል።

በመጀመሪያ ከውጭ የሚመጣውን ሥዕል እንመልከት። አለርት በተመሠረተበት በ1965 እ.ኤ.አ. ዶክተር ዴቪድ ሞርሊ ለንደን ውስጥ፣ ታልክ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውንና የማስተማሪያ መሣሪያዎችን በዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ስላይዶችን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ24 በ24 እያደረገ፣ ከማብራሪያ ጽሑፍ ጋር በታዳጊ አገሮች ለሚሠሩ የጤና ሠራተኞች ይልክ ነበር። በኋላም በጃፓን የሳሳካዋ መታሰቢያ የጤና ድርጅት የሥጋ ደዌን ምልክቶች በቀለም ፎቶግራፍ የሚያሳይ አትላስ አሳትሞ አሰራጭቷል። እነዚህ የተመሰገኑ ሥራዎች ናቸው። በርካሽ ወይም በነጻ የመጣ ሥዕል ሁሉ ግን ለሥራው ይስማማል ማለት አይደለም። ያው አንዱ ምልክት በነጭ ቆዳ ላይ ቀላ ብሎ ይታያል፤ በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ከዙሪያው ነጣ ያለ ወይም የመዳብ መልክ ያለው ሆኖ ይታያል። ከአውሮፓውያን ሕመምተኞች በተነሣ ፎቶግራፍ ቀይ ምልክት ፈልግ ተብሎ የሠለጠነ የጤና ረዳት፣ በኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ጀርባ ላይ ያንን ቀይ ነገር ላያገኝ ይችላል። ባለማግኘቱም ሰውዬውን ጤነኛ ነህ ብሎ ያሰናብተዋል። ሥዕሉን ያገኘው ሳይከፍል ነው፤ ክፍያው የመጣው በሕመምተኛው ጣት ላይ ነው።

ቀጥሎ የማባዣው ነገር ይመጣል፤ መሐንዲሶች ይህን ክፍል ሳይወዱት አይቀሩም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሥልጠና ጽሑፍ በብዛት የሚባዛው በስቴንስል ነበር። ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ የጽሕፈት መኪና ፊደል ወይም የብረት ብዕር ሲያርፍበት ሰሙ ይነሣል፤ ቀለሙም ሰም በተነሣበት በኩል ብቻ አልፎ ከሥር ባለው ወረቀት ላይ ያርፋል። መሣሪያው የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቀለም አለ፣ ወይም ቀለም የለም። ፎቶግራፍ በአንጻሩ ከጥቁር እስከ ነጭ ያሉ የብዙ ግራጫ ደረጃዎች ስብስብ ነው። እነርሱን ለማተም ሥዕሉን በወንፊት መሰል ስክሪን አሳልፎ ወደ ትልልቅና ትንንሽ ነጠብጣቦች መለወጥ፣ ከዚያም በክሊሼ ወይም በኦፍሴት ማተም ያስፈልጋል። ይህም ማተሚያ ቤትና በጀት ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ለሠልጣኝ እጅ የሚሰጠው ጽሑፍ በመስመር የተሣለ ሥዕል የሚይዝ ሲሆን፣ ፎቶግራፍ በስላይድ መልክ ከጨለማ ክፍል ሳይወጣ ይቀር ነበር። ይህ ልዩነት በጊዜው የአሠራር ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር፤ ትርጉሙ የታየው ዘግይቶ ነው።

የመስመር ሥዕል ድህነት የወለደው ምትክ ብቻ እንደ ነበረ ማሰብ ስሕተት ይሆናል። እግሩ ለደነዘዘ ሰው የሚሠራውን፣ ለስላሳ የጎማ ገበታ ያለውን ጫማ ለሚማር ሠልጣኝ ከፎቶግራፍ ይልቅ ንድፍ ይረዳዋል፤ የጎማው ውፍረት፣ የማሰሪያው ቦታ፣ ምስማር የማይገባበት ስፍራ ሁሉ በንድፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። ምስማር ለምን አይገባም ቢሉ፣ የደነዘዘ እግር ምስማር ሲወጋው አያውቅምና ነው። የማሽን ክፍል በፎቶግራፉ ሳይሆን በቁራጭ ንድፉ እንደሚገባ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብዛት አያስፈልግም።

በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ሰፊ ዝና ያገኘው በዴቪድ ዎርነር የተዘጋጀው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. በስፓኝ ቋንቋ፣ በ1977 ደግሞ በእንግሊዝኛ የወጣው፣ ሐኪም በሌለበት ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች የታሰበው የጤና መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በመስመር ሥዕሎች የተሞላ ነው። አሳታሚው ማንም ሰው ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ ሥዕሎቹን ጭምር ገልብጦ እንዲጠቀምባቸው፣ ከአገሩ ሁኔታም ጋር እንዲያስማማቸው ፈቀደ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ፈቃድ በ2002 እ.ኤ.አ. ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ ባለቤት ራሱ «ውሰዱና ተጠቀሙበት» ብሎ የጻፈበት ሥዕል በዓለም ላይ ነበረ ማለት ነው። ፈቃዱ ደግሞ ከማባዣው ጠባይ ጋር ይስማማ ነበር፤ የመስመር ሥዕል በስቴንስል ላይ በቀላሉ ይገለበጣልና።

ገልብጦ ማስማማት ለአገራችን ሠዓሊ የቆየ ሙያ ነው። በ1591 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውን ሥዕሎች እንደ ያዘ ኢትዮጵያ ደርሶ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዓመትም የእኛ ሠዓሊዎች ከዚያ እየቀዱ በብራና ወንጌሎች ላይ ሥለዋል። የሰዎቹን አሰላለፍ ወሰዱ፤ ፊቱን፣ ልብሱንና ቀለሙን ግን በራሳቸው ወግ አደረጉት። ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ የሚጠየቅበት ሕግም አልነበረም። ሥዕልን ማንበብ እንደ ፊደል የሚለመድ ነገር መሆኑንም ከዚሁ ከአገራችን የተገኘ አንድ ጥናት ያስረዳል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሜኤን ሕዝብ መካከል ተደርጎ በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት፣ ወረቀት ያላዩ ሰዎች ወረቀቱን ራሱን እየዳሰሱና እያሸተቱ መረመሩት እንጂ በላዩ ያለውን ሥዕል ልብ አላሉም። የእንስሳት ሥዕል በጨርቅ ላይ ታትሞ ሲቀርብላቸው ግን ብዙዎቹ ጊዜ ወስደው፣ እግሩን ከጅራቱ፣ ቀንዱን ከጆሮው እየለዩ፣ እንስሳውን አወቁት። የሥልጠና ሥዕል ፈላጊ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «የሚያየው ማን ነው?» ማለት እንደሚገባው እነዚህ ጨርቆች ይመሰክራሉ።

ከሩቅ የመጣው ሥዕል የማይስማማ፣ በመስመር የተሣለውም የቆዳን መልክ በሙሉ የማያሳይ ከሆነ፣ በየትኛውም የማስተማሪያ ሆስፒታል ለአሠልጣኝ የሚቀርበው ሦስተኛ ምንጭ ከትምህርት ክፍሉ አጠገብ አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው። ካሜራ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ሥዕሉ አይገዛም፤ መብቴ ነው የሚል የውጭ አሳታሚ የለበትም፤ ቆዳውም የአገር ቆዳ ነው። ሁሉን የሚያሟላ ነጻ ሥዕል ይመስላል። ዳሩ ግን ይህ ሰው በዘነበ ወርቅ የተገኘበት ምክንያት ከሌላው ሕመምተኛ የተለየ ነበር። በሥጋ ደዌ ምክንያት ትዳር ይፈርሳል፤ ልጅ ሳይዳር ይቀራል፤ ሕመምተኛው ከዘመድ ርቆ ስሙን እስከ መለወጥ ይደርሳል። ብዙዎቹ ከሕክምና በኋላም ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ በሆስፒታሉ ዙሪያ ሠፍረው የቀሩት፣ ሠፈሩም በእነርሱና በልጆቻቸው የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ፊቱን ከአገሩ የሸሸገ ሰው ፊቱ በሥዕል ሲዞር የሚከፍለው ዋጋ በምንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሐኪም ካሜራ ይዞ ሲመጣ፣ «እምቢ» ለማለት የሚችል ሕመምተኛ ስንት ይሆናል?

በዓለም ሁሉ የሕክምና መጻሕፍት ለዚህ የሰጡት መፍትሔ በዓይን ላይ ጥቁር መስመር ማሳረፍ ነበር። በሥጋ ደዌ ሥዕል ላይ ይህ መፍትሔ አስገራሚ ጉድለት አለው። የቅንድብ መርገፍና ዓይንን መክደን አለመቻል ከበሽታው ዋና ዋና ምልክቶች መካከል ናቸው፤ ጥቁሩ መስመር የሚሸፍነውም እነርሱኑ ነው። ሰውየውን ለመሸሸግ የተደረገው ነገር ትምህርቱን ሸሸገ፤ ሰውየውን ግን ጎረቤቱ በአፍንጫው፣ በአገጩና በአቋሙ ለይቶ ማወቁ አልቀረም።

ሕጉ ምን ይል ነበር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 ላይ፣ የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ከልክሏል። ለ1952 ዓ.ም. ይህ እጅግ የቀደመ ድንጋጌ ነው፤ ከደራሲ መብት ጋር የማይገናኝ፣ የሥዕሉን ሠሪ ትቶ የተሣለውን ሰው የሚጠብቅ ነውና። ነገር ግን አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግበትን ሁኔታ ሲዘረዝር፣ ከዝነኛ ሰዎች፣ ከፍርድና ከፖሊስ ሥራ እንዲሁም ሕዝብን ከሚመለከቱ ድርጊቶች ጋር፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለማስተማር ጥቅም የሚውለውን ሥዕልም ጨመረ። የሥልጠና ሥዕል እንግዲህ በዚህ በር ይገባል። በሩ ሰፊ ነው፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ ሰፊ ነው።

ይሁንና ሕጉ በወጣበት ዘመን በሩን የሚያጠብ ሌላ ነገር ነበረ፤ እርሱም መሣሪያው ራሱ ነው። ስላይድ አንዲት ቁራጭ ፊልም ናት። በሣጥን ትቀመጣለች፤ ሣጥኑ በአሠልጣኙ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ለማየት ፕሮጀክተር፣ መብራትና የጨለመ ክፍል ያስፈልጋል። ተመልካቾቹ ጥቂት ሠልጣኞች ናቸው፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሥዕሉ ከግድግዳው ላይ ይጠፋል። ማባዛት ቢፈለግ እንኳ ስቴንስሉ ፎቶግራፍን አይቀበልም። የሕጉ አርቃቂዎች «ለማስተማር» ብለው ሲጽፉ ያሰቡት ይህን የመሰለ ክፍል ቢሆን አያስደንቅም። በሌላ አነጋገር ሕመምተኛውን በተግባር ይጠብቀው የነበረው ከአንቀጹ ይልቅ የቴክኒኩ ድክመት ነበር። ቴክኒኩ ሲሻሻል ጥበቃው ፈረሰ፤ አንቀጹ ግን እንደ ነበረ ቆየ። ስላይዱ በስካነር ወደ ኮምፒዩተር በገባ ማግሥት ቁም ሣጥንና ቁልፍ ትርጉም አጡ።

በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሲታወጅ ለሥዕል ፈላጊዎች ሌላ መንገድ ተከፈተ። አዋጁ የታተመ ሥራን በመልካም ልማድ መጠን፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም በመጥቀስ ለማስተማር ማባዛትን ይፈቅዳል። ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘውም የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የባለቤቱን ወይም የወኪሉን አድራሻ ሲይዝ ነው፤ የጥበቃው ዘመንም ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። ሌሎች የሥነ ጥበብ ሥራዎች ሠሪው በሕይወት እያለና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት እንደሚጠበቁ ሲታሰብ፣ ፎቶግራፍ እጅግ ቶሎ የሕዝብ ሀብት ይሆናል። በ1965 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶግራፍ ለምሳሌ በ1990 ዓ.ም. ዘመኑን ጨርሷል። ለታሪክ ጸሐፊና ለአሠልጣኝ ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ አሮጌ የድልድይ፣ የባቡር ጣቢያና የግድብ ፎቶግራፎች ያለ ወጪ ይገኛሉ። በ1965 ዓ.ም. አልጋ ላይ ተቀምጣ ፎቶግራፍ የተነሣች የ10 ዓመት ልጅ ግን ዛሬ ከ60 ዓመት በላይ የሆናት፣ ምናልባትም ልጆች የወለደች፣ ያን ዘመን ለጎረቤቶቿ ያልተናገረች ሴት ልትሆን ትችላለች። የካሜራው ባለቤት መብት በ25 ዓመት ያልቃል፤ የፊቷ ባለቤትነት ግን በዓመት አይቆጠርም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በአንቀጽ 30 ላይ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላም ክብሩን የሚነካ ሥዕል ሲወጣ ቤተ ዘመዶቹ መቃወም እንዲችሉ አድርጓል።

ያለ ዋጋ ሥዕል የሚያቀርቡት የዛሬ ታላላቅ ማከማቻዎችም ይህን ልዩነት ያውቁታል። በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ሰው በሚታይባቸው ብዙ ሥዕሎች ሥር፣ ከደራሲ መብት ነጻ መሆን ከተሣለው ሰው መብት ነጻ መሆን እንዳልሆነ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ያኖራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የክሪኤቲቭ ኮመንስ 4ኛ እትም ፈቃድም የሰውን የግል ሕይወትና የመልክ መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። ለዚህ ጥንቃቄ ምሳሌ የሚሆን አንድ ጉዳይ ቀደም ሲል በ2007 እ.ኤ.አ. ደርሷል። አንድ የስልክ ኩባንያ በአውስትራሊያ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ፣ በአሜሪካ የምትኖር የአንዲት ወጣት ፎቶግራፍ አወጣ፤ ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው በነጻ ፈቃድ አቅርቦት ነበር፤ እርሷን የጠየቀ ግን አልነበረም። ቤተሰቧ ከሰሰ። አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚያነቡት የፈቃዱን የላይኛውን መስመር ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ከሥር ነው የሚጻፈው።

በአገራችን ለውጡ የመጣው ከሥዕሉ ባለሙያዎች ይልቅ ከተሣሉት ሰዎች ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቁመው ስለ ራሳቸው ራሳቸው መናገር ጀመሩ። በ2010 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎችን መድልዎ ለማስወገድ ያወጣው መመሪያም፣ ብዙኃን መገናኛ እነዚህን ሰዎች ክብራቸውን በሚጠብቅ ሥዕልና አጠራር እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። የተበላሸ እጅ ለብቻው ተቆርጦ የሚታይበት ሥዕል ለገንዘብ ማሰባሰቢያም ለማስተማሪያም ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ኖሯል፤ እጁ የማን እንደ ሆነ አልተጻፈም።

ነገሩ የሐኪሞች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ከአለርት ግቢ ብዙም ሳይርቅ በዚያው ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ቆሼን ማስታወስ ይበቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ስለ ተዳፋት መረጋጋት የሚያሠለጥን መሐንዲስ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አያገኝም፤ «ቆሼ» ብሎ በኮምፒዩተር ቢፈልግም ሥዕል በብዛት ይመጣለታል። ከመጡት መካከል አብዛኞቹ የዜና ድርጅቶች ንብረት ናቸው፤ ያለ ዋጋም አይደሉም። ከዚህም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የሚያሳዩት ነገር ነው። በግንባር የሚታዩት የሚያለቅሱ እናቶች፣ የሚቆፍሩ ዘመዶችና አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው፤ የተዳፋቱ ማዕዘን፣ የክምሩ ከፍታና የናዳው መነሻ ከበስተ ኋላ ደብዝዘው ይገኛሉ። ሠልጣኙ ማየት ያለበት ያንን የደበዘዘውን ነው። ያንን ደግሞ መሐንዲሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በመስመር ሊሥለው ይችላል፤ የክምሩን ቁራጭ፣ ውኃ የሰረገበትን ደረጃና የመንሸራተቻውን ቅስት ለይቶ በማሳየት። የሣለው ሥዕል የራሱ ነው፤ ለሌላ ባልደረባ ሊፈቅደውም ይችላል፤ ማንም ሰው በውስጡ አያለቅስም።

በ2009 ዓ.ም. በቆሼ የተነሣ ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ ሕግ የ25 ዓመት ዘመኑን የሚጨርሰው በ2034 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሥዕሉ ከአንሺው መብት ነጻ ይወጣል። በዚያች ቀን ከክምሩ አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ የተነሣ የ10 ዓመት ልጅ ካለ፣ ያን ጊዜ 35 ዓመት ይሆነዋል።